ስድስቱ አንድ ዓይናዎች

ኤቫሪስቶ ባውሳ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቁጥር ሲናገር ኖረ፤ ስድስት። በሞንቴቪዴዮ አሮጌው ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቁ ጎራ ብሎ ስለ አንድ ዓይናዋ የጠየቀ ሁሉ ይህንኑ ሰምቶ ወጥቷል። አንድ ዓይናዋ የወርቅ ሳንቲም ናት። በተመታችበት ዓመት የማተሚያው ብረት ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ፊቷ ላይ ያለችው ሴት ግራ ዓይን የላትም፤ በቦታው ከክር የቀጠነ ጭረት ብቻ አለ። የጊዜው ሹሞች አፍረው፣ አስሰብስበው አቀለጧት ይባላል። ከእሳት ያመለጡት ስድስት ናቸው። ኤቫሪስቶ ስድስቱንም እንደ ዘመዶቹ ያውቃቸዋል፤ የትኛዋ የት ከተማ በማን ካዝና እንደተቀመጠች፣ የትኛዋ ጠርዟ እንደተጎዳ፣ የትኛዋን አንድ ቂል ባለቤት በጥርስ ሳሙና ፈትጎ እንዳበላሻት። ስድስተኛዋ የራሱ ናት።

የራሱ ስንል ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። የገዛት የአባታቸው ቤት በተሸጠበት ገንዘብ ነው፤ የቤቱ እኩሌታ ደግሞ የታላቅ እህቱ የኔሊዳ ነበር። ኔሊዳ ልብስ ሰፊ ናት። ያኔ እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንተ ካመንክባት ብላ ድርሻዋን ሰጠችው። እሱም ጥቂት ዓመት ታገሺኝ፣ ዋጋዋ ከፍ ሲል እንሸጣትና አትላንቲዳ ባሕሩ አጠገብ ቤት እገዛልሻለሁ አላት። ጥቂቱ ዓመት ሠላሳ ሆነ። ኔሊዳ አሁን ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ከሱቁ ጀርባ፣ መስኮቷ በጎረቤት ግድግዳ በተደፈነ ክፍል ውስጥ ነው። እርጥበቱ ደረቷ ገብቶ፣ ብርድ በመጣ ቁጥር ሳሏ እስከ ሱቁ ድረስ ይሰማል።

በየአዲስ ዓመቱ ገዢ አልተገኘም ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። ገዢ ጠፋ እህቴ ይላታል።

ውሸቱን ነው። ዶክተር ኢሪባርኔ የሚባሉ የቦነስ አይረስ የዓይን ሐኪም በየዓመቱ መጋቢት ላይ ወንዙን በመርከብ ተሻግረው ይመጣሉ። የዓይን ሐኪም ሆኜ ይህችን ወደ ስብስቤ ሳልጨምር ብሞት ሙያዬ ይታዘበኛል እያሉ ይቀልዳሉ፤ ከዚያ ዋጋ ይጠራሉ፤ ዋጋቸውም ከአምናው ሁሌ ይበልጣል። ኤቫሪስቶ ደግሞ ሁሌ ለከርሞ ይላል። ክፋቱ፣ በየዓመቱ ልክ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ከርሞ ሲመጣ ዋጋዋ በእርግጥ ጨምሮ ይገኛል። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ እምቢ ብሎ አሥራ ዘጠኙንም ጊዜ ያተረፈ ሰው ምን ተብሎ ይመከራል?

ዘንድሮ የካቲት ላይ ግን የሰፈሩ ሐኪም የኔሊዳን ደረት አዳምጦ፣ ሌላ ብርድ እዚያ ክፍል ውስጥ ካሳለፈች አልጠየቅም አለ። ያን ቀን ኤቫሪስቶ ሱቁን ዘግቶ ቦነስ አይረስ ስልክ ደወለ። ዶክተሩ በመጋቢት ሁለተኛው ቅዳሜ እመጣለሁ አሉ። ኔሊዳ በበኩሏ አትላንቲዳ ሄዳ፣ ሁለት ክፍልና በግቢው አንድ የበለስ ዛፍ ያለው ቤት አይታ ተመለሰች። ባለቤቱ እስከ መጋቢት መጨረሻ ሊጠብቃት ቃል ሰጣት። በነጋታው ሳህኖቿን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ መክተት ጀመረች።

እዚህ ላይ የሳንቲም ነጋዴዎቹን ሕግ መናገር ያስፈልጋል። የእሑድ ገበያ ሽማግሌዎች ትልልቅ ግዢ ሲሆን በወረቀት አያምኑም። ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ ገዢው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ስንት ታውቃለህ?» አንዴ ብቻ ነው የሚጠየቀው። ሻጩ እንዲህ ያለችው ሳንቲም በዓለም ላይ ስንት እንዳለች የሚያውቀውን ይናገራል፤ ይጨባበጣሉ፤ አለቀ። በዚህ ቁጥር የዋሸ ሰው ክስ የለበትም፤ ማንም አይሰድበውም። ማቴ ሲጠጣ ብቻ ቅሉ እሱን ዘሎ ያልፋል። እዚያ ሀገር ማቴ፣ ትኩስ ውሃ የሚፈስበት የቅጠል መጠጥ፣ በአንድ ቅል፣ ተራ በተራ ነው የሚጠጣው፤ ቅሉ ዘለለህ ማለት የለህም ማለት ነው።

ፍሩክቱዎሶ የሚባል ነጋዴ ደርሶበታል። በሬ ያለባትን የወርቅ ሳንቲም ሦስት ብቻ ነው የማውቀው ብሎ ሸጠ፤ ሰማንያ የሚሆኑ ከአንድ የተዘጋ ባንክ ገዝቶ አልጋው ስር በከረጢት ይዞ ኖሯል። ጉዱ ሲወጣ የበሬዋ ዋጋ በሦስት ወር ውስጥ ወርዶ ወርዶ፣ ለቀለበት እንደሚቀልጥ ወርቅ በሚዛን መሸጥ ጀመረች። ወርቁ ያው ወርቅ፣ በሬውም ያው በሬ ነው፤ የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ፍሩክቱዎሶ እስኪሞት ድረስ ማቴውን ከቤቱ በፔርሙዝ ይዞ እየመጣ ለብቻው ይጠጣ ነበር። ኤቫሪስቶም ከዘለሉት አንዱ ነው፤ ያውም በኩራት።

ዶክተሩ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ አንዲት የገጠር ሴት ሱቁ ገባች። ስድሳ ያለፋት፣ የአውቶቡስ አቧራ ያላራገፈች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ የያዘች።

«ዶን ኤቫሪስቶ፣ እርስዎ አያስታውሱኝም። ሱልማ እባላለሁ፤ ከፓሶ ሰይቦ ነኝ። የዛሬ ሰባት ዓመት እሑድ ገበያ ሳንቲም አሳይቼዎት ናስ ነው ብለውኝ ነበር።»

እንዴት አያስታውስ! ያን እሑድ ወዳጆቹን ሰብስቦ፣ ቅሉን በእጁ ይዞ፣ ስለ ስድስቱ እያወራ ነበር። ሴትየዋ በመሐል ገብታ አንዲት ሳንቲም ዘረጋችለት። ባጉሊ መነጽሩ ለአሥር ሰከንድ ያህል አያት። ትናንት የተመታች ይመስል ታበራለች። አንድ ዓይናዋ ናት፤ ግን ሰባተኛ የለም፤ ሰባተኛ እንደሌለ ደግሞ ገና አሁን ከአፉ ወጥቷል። ሚዛኑ ሱቅ ነበር፣ ስምንት መንገድ ተሻግሮ። መጀመሪያ መዝን፣ ቀጥሎ ተናገር እያለ ስንቱን ጀማሪ ያሸማቀቀ ሰው፣ ያን ዕለት ስምንት መንገድ ለመሄድ ሰነፈ። ናስ ነው እመቤቴ፣ ለልጆች መጫወቻ ያድርጉት አላት። ወዳጆቹ ሳቁ። በወሩም በሰብሳቢዎች ማኅበር መጽሔት ላይ፣ ሐሰተኛ አንድ ዓይና እየተዘዋወረች ስለሆነ ተጠንቀቁ ብሎ ጻፈ።

ዶኛ ሱልማ መሐረቧን ፈትታ ሳንቲሟን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አሁን እንደ ድሮው አታበራም፤ ፊቷ ሁሉ በጥቃቅን ጭረት ተሞልቷል። ኤቫሪስቶ ሚዛኑን ሳበ። መዘናት። ሁለተኛ መዘናት። የራሱን ከካዝና አውጥቶ ከጎኗ መዘነ። የፀጉር ታህል እንኳ አልተለያዩም።

«ስንት ናቸው?» አለ። 

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቆጥረናል። ሁለት ሦስቱ ደግሞ የክለቡ ወለል ሳንቃ ስር ሳይገቡ አልቀሩም።»

ኤቫሪስቶ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። ሴትየዋ ታሪኩን ያለምንም ግርግር ነገረችው። አማቷ በከተማቸው በነበረ፣ ኋላ በተዘጋ ባንክ ገንዘብ ያዥ ነበር። ቤታቸው ሲታደስ ከምድጃው ጀርባ የአሳማ ስብ ጣሳ ተገኘ፤ ጣሳው ሙሉ አንድ ዓይናዎች። እሷ አንዷን ይዛ ወደ ትልቁ አዋቂ መጣች፤ አዋቂው ናስ አለ። ስለዚህ ጣሳውን ለመንደሩ ክለብ ሰጠችው።

«ለምን?»

«ለትሩኮ ነዋ። እኛ ካርታ ስንጫወት ነጥቡን በቦሎቄ ነበር የምንይዘው፤ ቦሎቄውን አይጥ ጨረሰው። እነዚህ ናስ ናቸውና አይጥ አይበላቸውም አልን። ስድስት ዓመት ተጫወትንባቸው። አምና አዲስ የጥርስ ሐኪም መጣልን፤ አንድ ማታ አሸንፎ ነጥቦቹን ሰብሰብ ሲያደርግ፣ ይሄ የናስ ክብደት አይደለም ብሎ ካርታውን ጣለ።»

አጫራቾች ሁሉንም ለክለቡ ሰዎች ሊሸጡላቸው ተስማምተዋል፤ አንድ እንቅፋት ብቻ አለ። መጽሔቱ ላይ ኤቫሪስቶ ባውሳ ሐሰተኛ ናት ብሎ ጽፏል፤ እሱ ካልሻረው ማንም አይጫረትም። የመሻሪያውን ወረቀት ይዛ መጥታለች፤ የቀረው ፊርማው ነው።

ኤቫሪስቶ ንዴቱ ማን ላይ እንደሚወርድ ጠፋው። ገንዘብ ያዡ ሞቷል፤ አይጦቹም ሞተዋል። በመጨረሻ ምክር መስጠት ያዘ። ሁሉንም ባንድ ቀን ካወጣችሁት ዋጋዋን ትገድሉታላችሁ፣ በዓመት አምስት አምስት እያላችሁ ብትለቁ ይሻላል፣ ዝም ብላችሁ፣ ማንም ሳይሰማ አለ። ሴትየዋ በትዕግሥት ሰማችው።

«የክለቡ ጣራ እያፈሰሰ ነው ዶን ኤቫሪስቶ። አምስት አምስት ሲባል ከመሐላችን ስንቱ ይኖራል? ደሞ ምኑ ነው ምስጢሩ፤ መንደር ሙሉ በሷ ሲጫወት ኖሮ!»

እውነቷን ነው። ከባንክ ካዝና የወጣን ክምር መደበቅ ይቻል ይሆናል፤ አንድ ወረዳ ካርታ የተጫወተበትን ግን ማን ይደብቃል? ኤቫሪስቶ ወረቀቱን አየ፤ ብዕሩን አየ። ከዚያ እስከ ሰኞ ይቆይልኝ አለ፤ በደንብ ላጣራ ብሎ።

«እርስዎ ካሉ እሺ» አለች ዶኛ ሱልማ። «ናስ ነው ሲሉን አምነን የለ!»

በነገር ልትወጋው አልነበረም። ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር። ሳንቲሟን እዚያው ትታለት፣ ደረሰኝ እንኳ ሳትጠይቅ ወጣች።

ዓርብ ኔሊዳ ደስ ብሏት ዋለች። የበለሱ ቤት ባለቤት ምድጃ ትቶልኛል አለችና፣ የራሷን የጋዝ ምድጃ ለጎረቤታቸው መበለት ለመስጠት ወሰነች። ለብቻዋ መሸከም ስለማትችል ኤቫሪስቶን ጠራችው። በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላው እሷ፣ በየደረጃው እየቆመች እየሳለች፣ ምድጃውን መበለቲቱ በር ላይ አደረሱት። ኔሊዳ ስትመለስ ባዶውን ቦታ እያየች፣ ደህና ሁን ሠላሳ ዓመት ያቃጠልከኝ አለችና ሳቀች። ቃሉ አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር። እህቴ፣ ቆዪ፣ አትስጪ ማለት ብቻ ነበር። ግን ምክንያቱን ትጠይቀዋለች፤ አንዱን ከነገራት ሌላውም ይከተላል። ፈራ። አጉረመረመና ሱቁ ገባ።

ቀኑን ሙሉ ለራሱ ሲሟገት ዋለ። ዶክተሩ ሀብታም ናቸው፣ አይጎዱም። ሳንቲሟን የሚወዷት ለገንዘብ አይደለም። የሱልማዎቹ በጭረት የተበላሹ ናቸው፣ የእሱ ንጹሕ ናት፤ ያው አይደሉም። ደግሞስ እስከ ሰኞ ስድስት ነው ቢል ምኑ ላይ ነው ውሸቱ፣ ገና አልፈረመም! እንዲህ እያለ ሄዶ ሄዶ ፍሩክቱዎሶ ጋ ይደርሳል፤ ያ ብቻውን ፔርሙዙን አቅፎ የሚቀመጠው ሽማግሌ ይመጣበታል። ከዚያ የኔሊዳ ሳል ይሰማዋል፤ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ቅዳሜ ዶክተር ኢሪባርኔ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ፤ ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ለብሰዋል። ኔሊዳ ለማቴው ውሃ አፍልታ ፔርሙዙንና ቅሉን ይዛ መጣችና በካርቶኖቹ መሐል ቆመች። ኤቫሪስቶ አንድ ዓይናዋን በአረንጓዴው ጨርቅ ላይ አስቀመጣት። ዶክተሩ በራሳቸው አጉሊ መነጽር ረጅም ጊዜ አይዋት፤ ገለበጧት፤ መለሷት። ሁሌ የሚቀልዱ ሰው ነበሩ፣ ዛሬ ግን አልቀለዱም። ወፍራም ፖስታ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ከጨርቁ አጠገብ አኖሩት፤ እጃቸውን ግን ላዩ ላይ እንደጫኑ ነበር።

«እንግዲህ ወጉ ነው» አሉ። «ስንት ታውቃለህ?»

ስድስት ሊል ነበር። ከትናንት ጀምሮ የተለማመዳት ቃል ናት፤ ሠላሳ ዓመት ብሏታል፤ አፉ ራሱ ያውቃታል። ኔሊዳ ቅሉን ለዶክተሩ ዘረጋች። ዶክተሩ አልተቀበሉም፤ መልሱን እየጠበቁ ነው።

«ሁለት መቶ አሥራ ስምንት» አለ ኤቫሪስቶ።

ዶክተሩ አጥርተው ያልሰሙ መስሏቸው ጆሯቸውን አዘነበሉ። ኤቫሪስቶ መሳቢያውን ከፍቶ የሱልማን ሳንቲም ከራሱ ጎን አኖረና ሁሉንም አወራቸው፤ ጣሳውን፣ ትሩኮውን፣ ናስ ነው ያለበትን እሑድ። ዶክተሩ ሁለቱን አስተያይተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አጣጠፉ።

«መቼ አወቅህ?»

«ሐሙስ።»

«ሰኞ ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ከአንተ ጋር ማቴ አልጠጣም ነበር» አሉ። ፖስታውን ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱ። ኤቫሪስቶ የእሱ ንጹሕ እንደሆነች፣ ጭረት እንደሌለባት ሊያስረዳ ሞከረ፤ ሲናገር ለራሱም አስጠላው። ዶክተሩ በእርጋታ ሰሙት።

«ወዳጄ፣ እኔ እኮ የምፈልጋት ቆንጆ ስለሆነች አልነበረም። ከስድስቱ አንዷ ስለሆነች ነው።»

አሁን ቅሉን ተቀብለው ማቴያቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡ፣ ቅሉን ለኔሊዳ መለሱ፣ አመስግነው ተነሡ። በሩ ላይ ግን ዘወር ብለው ወደ ኔሊዳ አዩ፤ ሊያጽናኗት ፈልገው ነው።

«ወንድምሽ ባለፈው መጋቢት እሺ ቢለኝ ኖሮ ዛሬ የማለቅሰው እኔ ነበርኩ» አሉና ፈገግ ብለው ወጡ።

ኔሊዳ ፔርሙዙን በአንድ እጇ፣ ቅሉን በሌላው እንደያዘች ቆመች። ኤቫሪስቶ ጨርቁን ማጣጠፍ ጀመረ። ጨርቅ ማጣጠፍ ይህን ያህል ጊዜ አይወስድም።

«ሐሙስ ነው ያወቅኸው» አለች።

«አዎ።»

«ዓርብ ምድጃውን አብረን ተሸክመናል።»

 ዶክተሩ የተነሡበትን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሳል ያዛት፤ እስኪለቃት ጠበቀች። ኤቫሪስቶ ለዶክተሩ እውነቱን መናገሩ ትልቅ ነገር መስሎት፣ ከእህቱም ትንሽ ምስጋና ቢጤ ጠብቆ ነበር፤ ያን ተስፋውን አሁን ሲያስበው ያሳፍረዋል።

«ለሰውየው ሲጠይቅህ ነገርከው» አለች። «እኔም በእናንተ ሕግ ልጠይቅህ። አንዴ ነው። ይህ ሰው ስንት ጊዜ ልግዛት አለህ?»

አንድ ቢል ታምነው ነበር። ሁለት ቢልም ይቅር ትለው ይሆናል። በዙሪያቸው በጋዜጣ የተጠቀለሉት ሳህኖች በየካርቶኑ ተደርድረዋል፤ ላያቸው ላይ በእርሳስ አትላንቲዳ ተብሎ ተጽፏል።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ።

ኔሊዳ ራሷን ነቀነቀች። ሒሳብ እንደምታስታርቅ ሴት ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ደረቷ ደህና የነበረባቸውን ዓመታት እየቆጠረች ሳይሆን አይቀርም።  ቅሉ ላይ ትኩስ ውሃ ጨመረችና ጠጣች። እንደገና ሞላችው። ኤቫሪስቶ ተራው ስለሆነ እጁን ዘረጋ።

ያንንም ራሷ ጠጣችው። ሦስተኛውንም ሞልታ ራሷ ጠጣችው።